ማዕተብ ያሰረ ድንጋይ

ወርቅአየሁ ድንጋይ ሳታንኳኳ አታምንም። ሰውንም እንደዚያው።

ቤቷ ከዘንገና ሐይቅ ወዲህ፣ ከቆሰበር ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ከሚያስኬደው መንገድ ዳር ነው። ሙያዋ ወፍጮ መውቀር ነው። የእጅ ወፍጮ ብዙ ከፈጨ ፊቱ ይለሰልሳል፤ እህሉ ከላዩ ይንሸራተታል እንጂ አይደቅም። ያን ጊዜ በመውቀሪያ ነቅሶ ነቅሶ ጥርስ የሚያበቅልለት እጅ ያስፈልጋል። ለዚያ አገር ሴቶች ያ እጅ የወርቅአየሁ እጅ ነው፤ ከእሷ በፊት የእናቷ ነበር። እናቷ በአገውኛ እያንጎራጎረች ትወቅር ነበር። ወርቅአየሁ ግን ትንፍሽ አትልም። ድንጋዩን መስማት አለባት። ጤነኛ ድንጋይ ሲመቱት እንደ ደወል ይጮኻል። ሆዱ ውስጥ ስንጥቅ የደበቀ ግን "ዱፍ" ይላል፤ ድምፁን ይውጣል። "ድምፁን ከሚውጥ ድንጋይና ዓይኑን ከሚሰብር ሰው ራቂ" እየተባለች ነው ያደገችው።

እናቷ ይህን ያወቀችው በክፉ ቀን ነው። ወርቅአየሁ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ነጋዴ አዲስ ወፍጮ ይዞ መጣ። ስንጥቁን በሰምና በአመድ ለስኖት ነበር። እናቷ ቸኩላ ሳታንኳኳ ወቀረችው፤ የገዙት ሰዎችም የሠርግ እህል ፈጩበት። በሠርጉ ቀን እድምተኛው ሁሉ አሸዋ እየነከሰ ተፋ። የሙሽራው ጥርስ ተሸረፈ የሚሉም አሉ፤ እሱ እንኳ ሳይጨመርበት አይቀርም። ነጋዴው የት እንደገባ አልታወቀም። "አሸዋ ያበላች" የሚለው ስም ግን እናቷ ላይ ቀረ። ገበያ ስትወጣ ሴቶቹ እየተጠቃቀሱ ጉንጫቸውን ይዘው "ውይ ጥርሴን!" ይሉ ነበር። ያ ሳቅ ከወርቅአየሁ ጆሮ ወጥቶ አያውቅም። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለጨዋታ ይተርተዋል፤ እሷ ኖረችበት።

ልጇን ሰርክአዲስን ሊያገባ የመጣውን ሰው እንኳ፣ ራሷ አብጥራ የምታውቀውን መንገድ በሦስት የተለያዩ ቀኖች ጠይቃዋለች። ሦስቴም አንድ ዓይነት መልስ ሲሰጣት ነው "እሺ" ያለች።

ሳታንኳኳ ያመነችው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ባሏ ደጉ። ደጉ ፈረስ የሚገራ ሰው ነበር። የግራ ጆሮው ጫፍ የለም፤ አንድ እምቢተኛ ድንጉላ ነክሶ ወስዶታል። "እሱ ጆሮዬን ወሰደ፣ እኔ ኩራቱን ወሰድሁበት" ይል ነበር። ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የተቀበረው በደብሩ ቅጥር ውስጥ፣ ከአንድ አሮጌ ጽድ ሥር ነው።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ደብሩ ሰፋ ያለ ሕንፃ ሊሠራ ተነሣ። መሠረቱ የሚያርፈው መቃብሩ ላይ ስለሆነ የሟች ቤተሰብ ሁሉ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ አፅም እንዲያነሣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነገረ። "ያልተነሣ አፅም በጸሎት በአንድ ጉድጓድ ይቀበራል" የሚለውን ስትሰማ ወርቅአየሁ ጆሮዋ ጭው አለ። የቀረውን አልሰማችም። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

ደጉ ከማያውቀው ሰው አጥንት ጋር ተደባልቆ! በሕይወቱ እንኳ ለብቻው መተኛት የሚወድ ሰው፤ ከእሷ ጋር ሲተኛ እስኪነጋ ይራገጥ የነበረ ሰው! ከዚያ ቀን ወዲህ ሐሳቧ አንድ ብቻ ሆነ፤ ለደጉ አፅም የብቻው ቦታ ማግኘት። ጎረቤት አላማከረችም፤ ሌላው ቀድሞ ቦታውን እንዳይሻማት ጠረጠረች። የሰበካውን ሰዎችም አልጠየቀችም፤ ለዘመዶቻቸው ያደላሉ ብላ ጠረጠረች። እንዲሁ ከራሷ ጋር ስትማከር ኅዳር ገባ።

ይሄይስ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ባጃጁ እስከሚገባበት በባጃጅ፣ የቀረውን ጭቃ በጫማው ጫፍ እየመረጠ ነው የመጣው። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ጃኬቱ የተተኮሰ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ወርቅአየሁ ደጃፏ ላይ የሰው ወፍጮ ትወቅር ነበር።

"እትዬ ወርቅአየሁ እርስዎ ነዎት?"

"ማን ልበል?"

"ይሄይስ እባላለሁ። ከዳንግላ ነው የመጣሁ።"

"ዳንግላ ሰፊ ነው።"

"ነጋዴ ነኝ።"

"ነጋዴም ብዙ ነው።"

ሳቀ። ሳቁ ከጥርሱ አልዘለቀም። ሳይቀመጥ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋላት። ባለቀለም ፎቶ ነው። ከድንጋይ የተፈለፈለ ሣጥን ይታያል፤ ቁመቱ ከአንድ ትንሽ በርጩማ አይበልጥም። በሣጥኑ ፊት ላይ አንድ ሰው ፈረስ ላይ ተቀምጧል፤ ፈረሱን ሌላ ሰው ይመራዋል፤ ከኋላ አንዲት ሴት እጇን ዘርግታ ትሸኛለች። ክዳኑ ላይ ደግሞ አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ ሆዱ የተገለጠ፣ በግራ ክርኑ ትራስ ተደግፎ ጋደም ብሏል። በቀኝ እጁ ሰፌድ የመሰለች ትንሽ ዝርግ ሳህን ይዟል።

ወርቅአየሁ ፎቶውን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው።

"ይኼ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው? ሞቷል ወይስ ጠግቧል?"

"የአፅም ማኖሪያ ነው እትዬ። የአባቴን አፅም ላፈልስ ነው፣ ወደ ትውልድ አገሩ። እንዲህ ባለ ሣጥን ላሳርፈው ተሳልሁ። በዚህ አገር ድንጋይ የሚታዘዘው ለእርስዎ ብቻ ነው አሉኝ።"

"እኔ ወፍጮ ወቃሪ ነኝ። ሐውልት የሚሠሩ ቆሰበር ሞልተዋል።"

"እነሱ ሲሚንቶ ነው የሚያውቁ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ደግሞ እኔ ባዶ እጄን አልመጣሁም። ባለቤትዎ ጋሽ ደጉ ያለ ቦታ እንደሚቀሩ ሰምቻለሁ። የአሠሪ ኮሚቴው ሰው ዘመዴ ነው። በምሥራቅ በኩል፣ ከአጥሩ ግንብ ሥር፣ የብቻቸው ቦታ አስይዝልዎታለሁ።"

መውቀሪያው በእጇ ላይ ቆመ። "የባሌን ስም ማን ነገረህ?"

"እሳቸውን የማያውቅ ፈረሰኛ አለ እንዴ?"

መልሱ ለስላሳ ነው። በጣም ለስላሳ። የተፈጨበት ወፍጮ ይመስላል፣ አለች በልቧ። ቢሆንም የደጉ ስም ተነሥቷል፤ ቦታም ተጠርቷል። ወርቅአየሁ ስለ ሥራው መጠየቅ ጀመረች።

"አባትህ ምን ይመስል ነበር?"

"እ?"

"ፊቱ። ክዳኑ ላይ የምቀርጸው የሰው ፊት ነው አይደል? አፍንጫው ቀጥ ያለ ነው ወይስ ደፍጠጥ ያለ? ጢም ነበረው?"

"እንደ ፎቶው ያድርጉት።"

"ፎቶው ላይ ያለው የሰው አገር ሰው ነው።"

"ግድ የለም እትዬ። አንድም ነገር ሳይጨመር፣ አንድም ነገር ሳይቀነስ እንደ ፎቶው።"

ርዝመቱን ስትጠይቀው ልኩን ጠብቆ የተቆረጠ ሲባጎ ሰጣት። ግድግዳው ወፍራም እንዲሆን አዘዘ። ሲያልቅም ሁለት ሳምንት ፍግ ውስጥ እንድትቀብረው፣ ከዚያ በቅቤና በጥላሸት እንድታሸው፣ ለማንም እንዳታሳይ።

"ፍግ ውስጥ? ለአባትህ?"

"አዲስ እንዳይመስል ነው። አባቴ አሮጌ ዕቃ ይወድ ነበር።"

የአባቱን ፊት አይናገርም፤ አባቱ የሚወደውን ዕቃ ያውቃል። ወርቅአየሁ ይህን በልቧ ያዘች። ሲሄድ ሲባጎውን ክንዷ ላይ ዘረጋችው። ግድግዳው እንዳለው ወፍራም ከሆነ ውስጡ ከአንድ ክንድ ያንሳል። እሷ ደግሞ የእናቷን አፅም ሲያፈልሱ በዓይኗ አይታለች፤ የትልቅ ሰው የጭን አጥንት ከክንድ አያንስም። ታዲያ የአባቱን ጭን ሰብሮ ሊከተው ነው?

የጠረጠረ ሰው ሁሉ አይመለስም። አንዳንዱ እየጠረጠረ ይገባል፤ የሚፈልገው ነገር ከወዲያ ማዶ ከሆነ።

ድንጋዩን ያመጣላት እንየው ነው። እንየው የጋሪ ሰው ነው፤ ፈረሱን የገራለት ደጉ ስለነበር ለወርቅአየሁ ደከመኝ አይልም፤ ምላሱም አያርፍም። ከገደሉ ሥር ነጣ ያለ፣ ለመሮ የሚገዛ ድንጋይ ስትመርጥ ግማሽ ቀን አስቆመችው። አሥራ አንዱን አንኳኩታ ጣለች።

"እትዬ፣ ድንጋይ ልንጭን ነው ወይስ ልንድር?"

"ዝም በል፣ አትረብሸኝ።"

"እኔ ምን አልሁ? ሽማግሌ ልላክ እንደሆነ ብዬ ነው።"

አሥራ ሁለተኛው ጮኸ። እሱን ጫኑት።

ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ጀርባ ሥራ ጀመረች። ሣጥኑን ስትፈለፍል እጇ የታዘዘውን እምቢ አለ። ግድግዳውን ወፍራም አድርጋ መተው አልሆነላትም፤ የማንም አባት ይሁን የማን፣ ጭኑ ተሰብሮ አይገባም። ከውጭ ሲባጎውን ጠበቀች፣ ከውስጥ ግን እየሳሳች እየሳሳች አራት ጣት ያህል ርዝመት ሰረቀች። እንዲህ የሳሳ ግድግዳ አንድ ምት ቢሳሳት ይሰነጠቃል፤ እሷ ግን አልተሳሳተችም። ፈረሱን ለመቅረጽ ፎቶውን ማየት አላስፈለጋትም። ሰውዬውን ግን ከየት ታምጣው? አፍንጫውን ከፎቶው ወሰደች፤ ትራሱንም፣ ሳህኑንም፣ ያንን ሆድም እያፈረች ቀረጸችው። ጆሮው ጋ ስትደርስ ቀና ብላ ለማየት ሰነፈች። ሲያልቅ ዞር ብላ ብታየው የሰውዬው የግራ ጆሮ ጫፍ የለውም።

"አንተ ደግሞ እዚህም ገባህ?" አለች፤ ብቻዋን ሳቀች።

ሰርክአዲስ ቆሰበር ላይ አስተማሪ ናት። አንድ ቅዳሜ እናቷን ልትጠይቅ መጥታ ከእንሰቱ ጀርባ ያንን ጋደም ያለ ሰው ስታይ ጮኸች።

"እማ! ይኼ ምንድን ነው?"

"የሰው አባት ነው፤ ተይው ይረፍ።"

ነገሩን ሁሉ ነገረቻት። ሰርክአዲስ ፎቶውን ተቀብላ ከሥሩ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈውን አነበበች፤ ከዚያ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ወደ አጥሩ ጥግ ሄዳ በስልኳ ስትፈልግ ቆየች። ስትመለስ ፊቷ ሌላ ነበር።

"እማ፣ ይኼ የኤትሩስካውያን ሣጥን ነው። ጣሊያን አገር፣ ሮማውያን ሳይገንኑ የነበሩ ሕዝብ ናቸው። ይኼኛው ጌታ ከመወለዱ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የተሠራ ነው።"

"ይሁን። አፅም ማኖሪያ ነው ብሎኛል።"

"አፅም አይደለም። አመድ ነው የሚያኖሩበት። ሬሳውን ያቃጥሉና አመዱን ይጨምሩበታል።"

ወርቅአየሁ አማተበች። "ሰውን? በእሳት?"

"ልማዳቸው ነው።"

ለዚህ ነው ያጠረ። አመድ ክንድ አያህልም። ወርቅአየሁ ፎቶውን መልሳ ወሰደችና ሰውዬውን እንደገና አየችው። አቃጠሉት፤ ግን አልጣሉትም። ይህን ሁሉ ፈልፍለው፣ ትራስ አስደግፈው፣ ሳህን አስይዘው አስቀመጡት። የምትሸኘውም ሴት እጇን እንደዘረጋች ይኸው እስከ ዛሬ አላወረደችም። "እሷም አንድ ደጉ ነበራት" አለች ቀስ ብላ።

"እማ፣ ትሰሚኛለሽ? ሰውዬው ሊሸጠው ነው። ዳንግላ ላይ ጣሊያን ጥሎት የሄደ የጥንት ዕቃ ተገኘ ብሎ ለአንዱ ባለጠጋ ሊያታልልበት ነው። ፍጉ ለዚህ ነው፤ ጥላሸቱም። ከተያዘ ደግሞ 'የሠራችው እሷ ናት' ይላል።"

"ሊሆን ይችላል።"

"ሊሆን ይችላል ብቻ?"

"ልጄ፣ አንቺ ያነበብሽው ወረቀት ነው። ሰውዬውን ገና አላንኳኳሁትም። ምናልባት ሞኝ ይሆናል፤ ፎቶ አምሮት የመጣ ሞኝ። ሞኝ ከሆነ ደግሞ ደጉ ቦታውን ያገኛል።"

ሰርክአዲስ ከሄደች በኋላ ወርቅአየሁ ከድንጋዩ ሰውዬ ፊት ለፊት ብዙ ተቀመጠች። ከዚያ ትንሿን መሮ አነሣች። በአንገቱ ዙሪያ፣ በጣም ቀጭን አድርጋ፣ የተገመደ ክር ቀረጸች። ጉሮሮው ሥር ትንሽ መስቀል አንጠለጠለች። ማዕተብ ነው።

በዚያ አገር ማዕተብ የሌለው ሙት ገንዘው አይቀብሩም። የእውነት አባቱ ከሆነ ልጁ ደስ ይለዋል፤ "እንዴት ሳላስበው!" ብሎ ይመርቃታል። የእውነት አባቱ ካልሆነ ግን ያ ክር ይቆጠቁጠዋል፤ ጌታ ሳይወለድ የሞተ ሰው መስቀል አያስርም። ይህ የወርቅአየሁ ማንኳኪያ ነው።

ይሄይስ ተመልሶ የመጣው በመጋቢት፣ የእንየውን ጋሪ ተከራይቶ ነው። እሷ ድንጋዩን ፍግ ውስጥ አልቀበረችውም፤ ነጭ እንደሆነ ከጓሮ አስቀምጣዋለች። ይሄይስ ግን ያን ልብ አላለም። ዙሪያውን ዞረው፣ ፈረሱን ዳሰሰው፣ በስልኩ አንድ ሁለት ጊዜ አነሣው።

"እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ! ጣሊያን ራሱ ቢያየው አይለየውም።"

"ጣሊያን ምን አገባው?" አለች ወርቅአየሁ።

"አይ፣ እንዲያው አባባል ነው…" ወደ ክዳኑ ጎንበስ አለ። ጣቱ አንገቱ ላይ ቆመ። "ይኼ ምንድን ነው?"

"ማዕተብ ነው።"

"ፎቶው ላይ አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ?"

"አባትህ ክርስቲያን አልነበረም?"

እንየው ፈረሱን ትቶ ጠጋ አለ፤ ጨዋታ የሸተተው ሰው ዝም ብሎ አይቆምም።

"ነበረ" አለ ይሄይስ። "ነበረ። ግን ይኼ ይጥፋ።"

"ምኑ ይጥፋ?"

"ክሩ። መስቀሉ። በመሮ ይፋቅ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።"

"የአባትህን ማዕተብ በጥሺ ነው የምትለኝ?"

"ኧረ አባቴ አይደለም እትዬ! ድንጋይ ነው! ድንጋይ!"

"እንግዲህ ሰማሁህ" አለች ወርቅአየሁ። "ዱፍ አልህ።"

ይሄይስ ድምፁን ሰበሰበ። ያቺን ልስላሴ መልሶ ለበሳት። "እትዬ፣ አንጣላ። ነገሩን ለእርስዎ ብዬ ነው። የጋሽ ደጉን ቦታ ያስቡ። ዳግማይ ትንሣኤ ሩቅ አይደለም። እኔ ቃሌን ካነሣሁ ከማን ጋር እንደሚደባለቁ ያውቃሉ?"

ወርቅአየሁ ወደ መሬት አየች። መሮዋ ከእግሯ አጠገብ ነው። እውነት ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ስድስት ምት፣ ቢበዛ ስምንት። እንየውም ቢሆን አፍህን ያዝ ብትለው ይይዛል። ደጉ ከግንቡ ሥር ለብቻው ይተኛል፤ እሷም እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስትወጣ አጠገቡ ትቀመጣለች። ከዚያ ደግሞ አንድ ሰው፣ የት እንዳለ የማታውቀው ሰው፣ ያጠራቀመውን ሰጥቶ ይህን ድንጋይ ይገዛል። በዓመቱ ውሸቱን ይነክሳል፤ እንደ አሸዋ። ጉንጯን ይዛ "ውይ ጥርሴን!" የምትል ሴት ከሩቅ የሰማች መሰላት።

"ደጉን ከመቶ ሰው ጋር ይደባልቁት" አለች። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ ግን አልተዋጠም። "መቶውም ማዕተብ ያሰረ ነው። ከወንድሞቹ ጋር ይራገጥ። እኔ እዚህ ላይ መሮ አላነሣም።"

"እንግዲያው እኔ አነሣለሁ!"

ጎንበስ ብሎ መሮዋንና መዶሻዋን አፈፍ አደረገ።

"አትምታው" አለችው። ለእሱ ሳይሆን ለድንጋዩ ነው ያሰበችው። "አንገቱ ስስ ነው፤ ሌላ ምት አይችልም። ብትሰማው ራሱ ይነግርሃል።"

የሚሰማ ሰው አልነበረም። መሮውን ክሩ ላይ አቁሞ መታ። አንዴ። የሰውዬው ጭንቅላት ከአገጩ ሥር ተሰብሮ ወደቀና እንሰቱ ሥር እስኪደርስ ተንከባለለ። እዚያ፣ የተነከሰ ጆሮውን ወደ ላይ አድርጎ፣ ሰማዩን ሲያዳምጥ ቀረ። አንገቱ ላይ ክሩ አልተበጠሰም። መስቀሉም አለ።

ከዚያ እንየው ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጌታዬ" አለ፣ "አባትዎን ገደሏቸው።"

ይሄይስ መዶሻውን ጥሎ ወጣ። ያንን ጭቃ በጫማው ጫፍ ሳይመርጥ ነው የረገጠው።

እንየው ሆዱን ይዞ እየሳቀ ነበር፤ ዞር ሲል ግን ወርቅአየሁ መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ።

"እትዬ፣ ለድንጋዩ ነው?"

"ለደጉ ነው" አለች። "ቦታውን በእጄ ሰበርሁት።"

በማግስቱ ጠዋት ወደ ደብሩ ሄደች። ለአቤቱታ ወይም ለልመና አልሄደችም፤ ለንስሐ ነው። የነፍስ አባቷ ቄስ ዓባይነህ ከጽዱ ሥር ቆመው የመሠረቱን ልክ ሲያዩ አገኘቻቸው። መስቀል ተሳልማ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ፎቶውንም፣ የተቃጠለውንም ሰው፣ የሰው ተራ ተሻምታ ቦታ ልትይዝ መስማማቷንም። ቄሱ እስከ መጨረሻው ሰሟት።

"ወለተ ኪዳን" አሏት በክርስትና ስሟ። "ሰውዬው እሰጥሻለሁ ያለሽ ቦታ የቱ ነው?"

"በምሥራቅ በኩል፣ ከግንቡ ሥር ነው ያለኝ አባ።"

"እሱማ የሁሉም ነው! ሣጥን አዘጋጅቶ የመጣ ቤተሰብ ሁሉ ከግንቡ ሥር በተራ ያሳርፋል። በአንድ ጉድጓድ ያልነው ወገን የሌለውን፣ የሚያነሣው የጠፋውን ነው። ያን እሑድ ተናግሬ የለም እንዴ?"

ወርቅአየሁ ያን ቀን የወጣችበትን በር ዞር ብላ አየች።

"ወጥተሽ ሄደሻል" አሉ ቄሱ።

"ወጥቼ ሄጃለሁ።"

"ይህን ሁሉ ወር አንድ ሰው አልጠየቅሽም?"

"ጠርጥሬ አባ።"

ቄሱ ሊቆጡ ፈልገው ሳቅ ቀደማቸው። የአገሩን ድንጋይ አንኳኩታ የጨረሰች ሴት የደብሩን በር ብቻ ሳታንኳኳ ቀርታ! ቅጣቷን ግን አልማሯትም፤ አርባ ስግደት ሰጧት። ከዚያ ጠየቋት፤ "ለመሆኑ ሣጥን አለሽ?"

"ሣጥኑ ደኅና ነው። የተሰበረው ክዳኑ ነው።"

"ያ ሆዱን የገለጠ ሰውዬ እንኳን ተሰበረ። እሱን ይዘሽ እንዳትመጪ። ፈረሱ ይምጣ፤ ፈረስ ምንም አላደረገ።"

ክዳን ለማግኘት ሩቅ አልሄደችም። የእናቷ ወፍጮ ከቤቷ ጥግ ተደግፎ ነበር፤ ብዙ ከመፈጨት የሳሳ፣ መሐሉ የጎደጎደ። ወደ ሣጥኑ አፍ አምጥታ ስትለካው ከዳርና ዳር ጥቂት ሲነካካ ልክ መጣ። የተወቀረው ፊቱ ወደ ውስጥ ሆነ።

የደጉን አፅም ያነሡት በሚያዝያ፣ አየሩ ጠርቶ ቀዝቀዝ ባለ ጠዋት ነው። ቄስ ዓባይነህ ፍትሐት ደገሙ። ሰርክአዲስ ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ መጥታለች። እንየው ቆፈረ፤ ያን ቀን አልቀለደም። ወርቅአየሁ አጥንቱን በነጭ ጨርቅ እየጠረገች ራሷ አኖረችው። የጭኑ አጥንት ላይ ስትደርስ መጀመሪያ በክንዷ ለካችው። አስገባችው። ከዳር እስከ ዳር፣ ሳይነካ፣ ገባ። ያ የሰረቀችው አራት ጣት።

"አየሽ እማ" አለች ሰርክአዲስ በለሆሳስ፣ "ለማን እንዳሰፋሽው።"

"ዝም በይ፤ አባትሽ ነው።"

ይሄይስ ሌላ ጠራቢ እየፈለገ ነው አሉ፤ ወደ ባሕር ዳር ተሻገረ የሚሉም አሉ። ወርቅአየሁ ሁለቱንም ወሬ አላመነችም። ያ ጭንቅላቱ የወደቀ ሰውዬ ግን ከጓሮዋ አለ። ልጥለው ብትል እጇ እምቢ አለ፤ ማዕተብ ያሰረ አይጣልም። ጭንቅላቱን መልሳ አንገቱ ላይ አኖረችለት፤ ዶሮዎቿ ሳህኑ ላይ ውኃ ይጠጣሉ። እንየው ባለፈ ቁጥር ኮፍያውን አንሥቶ "እንዴት ዋሉ ጋሼ፣ ዛሬስ አልተነሡም?" ይለዋል።

ያን የሚያዝያ ጠዋት ሣጥኑን ከግንቡ ሥር አውርደው አፈር ሊመልሱበት ሲሉ ወርቅአየሁ "ቆዩ" ብላ ነበር። ጎንበስ አለችና እንደ ልማዷ በጣቷ መገጣጠሚያ የእናቷን ወፍጮ አንኳኳች።

አልጮኸም። ከሥሩ ሣጥኑ ሙሉ ነው፤ ድምፁን ዋጠ።

ቀና አለች። "መልሱበት" አለች። በሕይወቷ ሙሉ ሳይጮኽላት ያመነችው ድንጋይ ያ ብቻ ነው።